አሮጌው ቶርኖና የሽክርክሪት ሕግ

እንዝርት ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠውና ነድፈው ሲያበቁ የእንዝርቱን ዘንግ በጣቶቻቸው መካከል ያሾሩታል፤ እንዝርቱም እጅ ከለቀቀው በኋላ ብቻውን እየተሽከረከረ ክሩን ያከርራል። በዘንጉ ላይ የተሰካው ትንሽ ክብ ነገር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። እጅ የሰጠውን የሽክርክሪት ኢነርጂ ተቀብሎ የሚያጠራቅምና ቀስ በቀስ የሚያወጣ የኢነርጂ ጎተራ ነው።

በእንዝርት ላይ በረከት የሆነው ይህ የማጠራቀም ጠባይ በሌላ ሥፍራ ብርቱ አደጋ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ ገዝቶ ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡትን ጉዳዮች ከፊዚክስ አንጻር ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩን ከመጻሕፍት ብቻ አልተማርነውም። ከፊሉን ያስተማረን አንድ የተበሳ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው።

የእንጨት ቶርኖ ምንድን ነው?

በአገራችን ቶርኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጋራዦችና በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የሚገኘውን የብረት ቶርኖ ነው። በብረት ቶርኖ ላይ ስለቱን አጥብቆ የሚይዘውና የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ማሽኑ ነው። በእንጨት ቶርኖ ላይ ግን ስለቱን የሚይዘው የሠራተኛው እጅ ነው። ማሽኑ እንጨቱን ያሽከረክራል፤ ሠራተኛው መሮውን በአንድ የብረት መደገፊያ ላይ አስደግፎ ወደሚሽከረከረው እንጨት ያስጠጋል። የአልጋና የወንበር እግሮች፣ የደረጃ መደገፊያ ምሰሶዎች፣ የመሣሪያ እጀታዎችና ጎድጓዳ ሳህኖች በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

የማሽኑን ክፍሎች ለማስታወስ አስቸጋሪ አይደለም። ረጅሙ የብረት አካል አልጋ ይባላል። አልጋ ደግሞ ራስጌና ግርጌ አለው። በራስጌው በኩል ሞተሩ የሚያዞረው ዘንግ ይገኛል፤ በግርጌው በኩል እንደ እንጨቱ ርዝመት ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ሹል መያዣ አለ። እንደ እጀታ ያለው ረጅም እንጨት በሁለቱ መካከል ይወጠራል። ሳህን የሚሆን ሰፊ እንጨት ግን ብዙውን ጊዜ በራስጌው በኩል ብቻ፣ በብሎን በሚታሰር ክብ የብረት ሰሌዳ ወይም በማንድሪኖ ይያዛል።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው። በግብፅ በፔቶሲሪስ መቃብር ውስጥ የሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተሠራው የግድግዳ ቅርጽ አንዱ ሰው ገመድ እየሳበ ሥራውን ሲያዞር፣ ሌላው ደግሞ ስለቱን ይዞ ሲቀርጽ ያሳያል። በገመድ ወይም በደጋን የሚሠራ ቶርኖ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ስለሚዞር ስለቱ የሚቆርጠው በግማሹ ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ የሰው ክንድ ሊሰጠው ከሚችለው በላይ ኢነርጂ ሊያጠራቅም አይችልም ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር በመጣ ጊዜ ይህ የተፈጥሮ ገደብ ተነሣ።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ቶርኖውን የገዛነው መርካቶ ውስጥ ካገኘነው አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ማሽኑን ባዶውን አስነሥቶ አሳየን፤ ድምፁ ያማረ ነበር፤ ተደሰትን። ቤት አድርሰን በግቢያችን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አስቀመጥነው። በማግሥቱ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ መጠነ ቁሱ 2 ኪሎ ግራም የሚሆን እርጥብ የባሕር ዛፍ ጉማጅ በመጥረቢያ በግምት አክብበን፣ በክቡ ሰሌዳ ላይ በአራት አጫጭር ብሎኖች አሰርነውና ማብሪያውን ተጫንን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ማሽኑ በሲሚንቶው ወለል ላይ እየዘለለ መሄድ ጀመረ። እጃችን ማጥፊያው ላይ ከመድረሱ በፊት ጉማጁ ብሎኖቹን ነቅሎ ወጣና የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ከውጭ ወደቀ። ማብሪያው በማሽኑ በስተግራ ጫፍ ስለ ነበር እኛም የቆምነው እዚያው ነበር። ከእንጨቱ ፊት ለፊት ቆመን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር። ያዳነን ዕውቀታችን ሳይሆን ማብሪያው የተተከለበት ቦታ ነው።

ድምፁን ሰምተው የመጡ አንድ አረጋዊ አናጺ ጎረቤታችን ቀዳዳውን አላዩም። በቀጥታ የራስጌውን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ ተመለከቱና፣ «ዶክተር፣ ቺንጋው እኮ ፈጣኑ ላይ ነው ያለው» አሉን። ቀጥለውም፣ «እንጨቱን መጀመሪያ በእጅዎ ቢያዞሩት ኖሮ ራሱ ይነግርዎት ነበር» ሲሉ ጨመሩ።

እውነታቸውን ነው። አንድ ወገኑ የከበደ እንጨት በእጅ ዞሮ ሲለቀቅ የከበደው ወገን ሁልጊዜ ከታች መጥቶ ይቆማል፤ የመጠነ ቁሱ ማዕከል ከዘንጉ ላይ እንዳልዋለ በዚህ ይታወቃል። ይህን ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎች አስተምረናል። በክፍል ውስጥ የምናውቀውን በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ግን አልጠየቅነውም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አደጋው ከደረሰ በኋላ መሥፈሪያ ይዘን ፑሌጃዎቹን ለካናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 1,420 ዙር ይዞራል። ቺንጋው ከሞተሩ 6 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ወደ ዘንጉ 15 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ሲሄድ የዘንጉ ፍጥነት 1,420 በ6 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም በደቂቃ 568 ዙር ነው። በተቃራኒው ከሞተሩ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ዘንጉ 6 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 3,550 ዙር ይሆናል። የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደው በዚህ በኋለኛው ላይ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6.25 እጥፍ ነው።

ይህ ልዩነት በሦስት መንገድ ይገለጻል። አንደኛው የጠርዙ ፍጥነት ነው። በ568 ዙር የጉማጁ ጠርዝ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር፣ የብስክሌት ፍጥነት ነው። በ3,550 ዙር ግን በሰከንድ 37 ሜትር ወይም በሰዓት 134 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ሚዛን ያልጠበቀው ክፍል የሚፈጥረው ጉልበት ነው። ከማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ 50 ግራም ትርፍ እንጨት በአንድ ወገን አለ እንበል። ጉልበቱ መጠነ ቁሱ በሬዲየሱና በማዕዘናዊው ፍጥነት ካሬ ተባዝቶ ይገኛል። በዝቅተኛው ፍጥነት 18 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ ይህም ወደ 2 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዕቃ ክብደት ነው። በከፍተኛው ፍጥነት ግን 690 ኒውተን ይሆናል። አንድ ጎልማሳ ሰው በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ ዘንጉን በሰከንድ 59 ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ቢጎትተው እንደ ማለት ነው። አራት አጫጭር ብሎኖች ይህን ሊሸከሙ እንዳልቻሉ ሊያስገርመን አይገባም።

ሦስተኛው የተጠራቀመው ኢነርጂ ነው። ጉማጁን እንደ ወጥ ክብ ሰሌዳ ብንቆጥረው በ568 ዙር 18 ጁል ያህል፣ በ3,550 ዙር ደግሞ 690 ጁል ያህል ይይዛል። የመጀመሪያው ያው 2 ኪሎ ግራም እንጨት ከ1 ሜትር ባነሰ ከፍታ ሲወድቅ ከሚያገኘው ኢነርጂ ጋር እኩል ነው፤ ሁለተኛው ከ35 ሜትር፣ ማለትም ከአሥር ፎቅ ሕንፃ በላይ ከሆነ ከፍታ ሲወድቅ ከሚያገኘው ጋር ይስተካከላል። ፍጥነቱ 6.25 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም ኢነርጂውም 39 እጥፍ የሆኑት ሁለቱም የፍጥነትን ካሬ ስለሚከተሉ ነው። ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው ሕግ ይህ ነው።

ፍጥነትን እንዴት እንምረጥ?

ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መመሪያ አለ። የእንጨቱ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከሚዞረው ዙር ጋር ሲባዛ ውጤቱ ከ15,000 እስከ 23,000 ባለው ክልል ውስጥ መሆን ይኖርበታል። በዝቅተኛው ወሰን ብናሰላ ለ10 ሴንቲ ሜትር እንጨት 1,500፣ ለ20 ሴንቲ ሜትር 750፣ ለ30 ሴንቲ ሜትር 500 ዙር እናገኛለን። መመሪያው ምሥጢር የለውም። የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ሜትር ባለው ክልል እንዲጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ይህ ግን ቀድሞ ለተከበበና ሚዛኑን ለጠበቀ እንጨት ነው። ገና ላልተስተካከለ ጉማጅ ከዚህ ግማሹ ይበቃል። ስለዚህ ያገለገለ ቶርኖ የሚገዛ ሰው የማሽኑን ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን ዝቅተኛውን ይጠይቅ። ከ500 በታች መውረድ የማይችል ማሽን ለእጀታና ለወንበር እግር ያገለግላል እንጂ ለሰፊ ሳህን አይመችም።

ሲገዙ ምን ይታያል?

በመጀመሪያ ማሽኑ ሳይበራ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው። ኩሽኔታው ደኅና ከሆነ ያለ መንገራገጭ ይዞራል። ቀጥሎ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደፊትና ወደኋላ መነቅነቅ፤ ልቅነት ካለው ኩሽኔታው ተበልቷል ማለት ነው። ኩሽኔታ ይለወጣል፤ የተጣመመ ዘንግ ወይም የተሰነጠቀ አልጋ ግን ማሽኑን ለመተው በቂ ምክንያት ነው። ከዚያም ግርጌውን ወደ ራስጌው አስጠግቶ የሁለቱን ሹሎች ጫፍ ማገናኘት ያስፈልጋል። ጫፎቹ ካልተገጣጠሙ ሥራው ሁሉ ይዛባል።

በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ሹሎቹ የሚሰኩት ሞርስ በሚባለው የሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሾጣጣው በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጠብ በብሎን ሳይታሰር በሰበቃ ብቻ ይያዛል። የቀዳዳውን አፍ መለካት ይጠቅማል፤ 12.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ቁጥር 1፣ 17.8 ከሆነ ቁጥር 2፣ 23.8 ከሆነ ቁጥር 3 ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው የጎደለውን ክፍል ከሌላ ፋብሪካ ምርት ሊያሟላ ይችላል።

ሦስተኛው የሞተሩ መለያ ሰሌዳ ነው። የአገራችን መሥመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ፣ ሰሌዳው 1,725 ዙር ቢልም በእኛ መሥመር 1,425 ገደማ ይዞራል፤ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራውን ግን በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው። ከሥራ ቤት የወጣ ማሽን ባለ ሦስት ፌዝ ሊሆን ስለሚችል ቤታችን ያለው መሥመር አንድ ፌዝ ከሆነ ከመግዛታችን በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማማከር ይገባል። የብረቱ አካል ከመሬት መሥመር ጋር መገናኘቱም መረጋገጥ አለበት።

በተለይ ለእኛ አገር አንድ ነገር እንጨምር። መብራት በሥራ መካከል ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ፣ ማብሪያው እንደ በራ የተተወ ቶርኖ ራሱን ያስነሣል። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋና እንደገና ካልተጫኑት የማይበራ ማብሪያ አለ፤ ያገለገለው ማሽን ይህ ከሌለው ማስገጠም ይበጃል። እስከዚያው ግን መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ ማጥፊያውን መጫን ይሁን።

መሮና መደገፊያው

መሮው በመደገፊያው ላይ ሲያርፍ ማንሻ ይሆናል። ከእጀታው ጫፍ እስከ መደገፊያው 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከመደገፊያው እስከ እንጨቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እንጨቱ በ300 ኒውተን ቢመታው እጅ የሚደርሰው 30 ኒውተን ብቻ ነው። መደገፊያው 10 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ግን 100 ኒውተን ይደርሰዋል፤ መሮውም ከእጅ ይነጠቃል። እንጨቱ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ማሽኑን እያቆምን መደገፊያውን ማስጠጋት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መሮው መጀመሪያ መደገፊያውን ይነካል፤ ቀጥሎ የተሳለው ጀርባው በእንጨቱ ላይ ይተሻል፤ ከዚያ በኋላ እጀታው ቀስ ብሎ ሲነሣ አፉ መቁረጥ ይጀምራል። ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ ለብዙ ጀማሪዎች አደጋ መነሻ ነው።

መሮ ከአሮጌ ሞረድ መሥራት በአገራችን የተለመደ ነው። ለቶርኖ ግን አይመከርም። ሞረድ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ የሚሰበር እንጂ የሚታጠፍ አይደለም። ተራ የካርቦን ብረት ሲሳል ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራው ብረት ግን እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በላይ ጥንካሬውን ይጠብቃል።

እንጨቱም ይንቀሳቀሳል

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከማዕከል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው በአማካይ እጥፍ ያህል ነው፤ በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከእርጥብ እንጨት ፍጹም ክብ ሆኖ የተሠራ ሳህን ከወራት በኋላ ሞላላ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው የዲያሜትሩን አንድ አሥረኛ ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ በግርድፉ ይቀረጻል፤ ለ20 ሴንቲ ሜትር ሳህን 2 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጦ በየሳምንቱ ይመዘናል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንደገና ወደ ቶርኖው ይመለሳል።

ባሕር ዛፍ በቀላሉ ቢገኝም ሲደርቅ ብዙ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለጀማሪ ትዕግሥት ይፈትናል። ዋንዛ ለመቁረጥ ገር ነው፤ ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ሲለሰልስ ውበቱ ልዩ ነው። ውድ ግንድ ከመግዛት ይልቅ ከአናጺ ቤት የሚተርፈውን ቁራጭ መሰብሰብ ይሻላል። ከፈረሰ ቤት የተገኘ እንጨት ከሆነ ሚስማር እንዳይኖረው ይፈተሽ። የተሰነጠቀ እንጨት፣ ስንጥቁ ትንሽ ቢሆንም፣ በቶርኖ ላይ አይወጣም።

ከመብራቱ በፊት

ጋቢና ነጠላ፣ ከረባትና ሰፊ እጅጌ ያለው ጋውን ከቶርኖ አጠገብ ቦታ የላቸውም፤ ጓንትም እንዲሁ፤ የሚሽከረከር ነገር ከያዛቸው እጅን ይዘው ይገባሉ። ዓይንን ብቻ ሳይሆን ፊትን በሙሉ የሚከልል ጭንብል ያስፈልጋል። የእንጨት ብናኝም ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ግምገማ ብናኙን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መድቦታል። በተለይ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ አፍንጫና አፍ መሸፈን፣ በርና መስኮትም መክፈት ይገባል።

ከዚያ አደጋ በኋላ እኛ የምንከተለው ሥርዓት አጭር ነው። ቺንጋው የት እንዳለ ክዳኑን ከፍተን እናያለን፤ ክዳኑን እንዘጋለን። እንጨቱን በእጃችን አንድ ሙሉ ዙር አዙረን ምንም እንደማይነካ፣ አንድ ወገኑም እንደማይከብድ እናረጋግጣለን። ከእንጨቱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ቆመን እናበራለን። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው፣ ይህን ግማሽ ደቂቃ የቆጠበ ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ሥራ

ጀማሪ ከሳህን መጀመር የለበትም። በራስጌና በግርጌ መካከል የሚወጠር፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቀጭን እንጨት ይምረጥ፤ መመሪያው 3,000 ዙር ቢፈቅድለትም እጁ እስኪለምድ ድረስ ከ1,500 አይለፍ። የመጀመሪያው ሥራ ለራሱ መሮ የሚሆን እጀታ፣ ሁለተኛው ለጓዳ የሚያገለግል የሊጥ መዳመጫ ሊሆን ይችላል።

ለሦስተኛው እንዝርት እንዲሠራ እንመክራለን። ዘንጉን አንድ ዓይነት አድርጎ ሁለት እንዝርት ይሥራ። ክብ ጭነቶቻቸው መጠነ ቁሳቸው እኩል፣ የአንደኛው ዲያሜትር ግን የሌላው እጥፍ ይሁን። የዘንጉን ድርሻ ከተውነው የሰፊው ኢነርሺያ የጠባቡ አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱንም በእጁ አሹሮ፣ የትኛው በፍጥነት እንደሚነሣና የትኛው ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚሾር በሰዓት ይለካ፤ ምክንያቱንም ያስብበት። በእጁ መዳፍ ላይ የሚሰማው ያ ትንሽ እንቢታ፣ የቆርቆሮ ግድግዳችንን ከበሳው ጋር አንድ ነው። አስቀድሞ በእንዝርት የተዋወቀው ሰው በቶርኖ ላይ በድንገት አይገናኘውም።

ጎረቤታችን አሁንም አንዳንድ ቅዳሜ ብቅ ይላሉ። ቀዳዳውን ልንደፍነው ስንነሣ የከለከሉን እሳቸው ናቸው። ማብሪያውን ለመጫን የቆመ ሰው ቀና ሲል በትክክል የሚያየው ያንን ቀዳዳ ነውና እስከ ዛሬ አልደፈንነውም።